ብርቱካናማው ሰደርያ

ሰኞ በጠዋቱ አካፋ ታደለን፤
ሜዳው ከበረዶ ሥር ተኝቶ ጠበቀን።
ዱሉዝ ነው፤ ኅዳር ነው፤ ሐይቁ ያጉረመርማል፤
ነፋሱ ሳይጠየቅ ጆሮ ይቆነጥጣል።
"መስመሩ ይታየኝ! መስመሩ ይበቃኛል፤
ሣሩ እንደሁ ላስቲክ ነው፤ ብርድ ምን ያደርገዋል?"
አለ አሠልጣኝ ኪቬላ፥ ጢሙ ውርጭ አብቅሎ፥
የቅዳሜን ነገር በወረቀት ስሎ።

ቅዳሜ ጥሎ ማለፍ ነው፥ የመላ አገሩ፤
ወይ ማለፍ፥ ወይ ማረፍ። ይኸው ነው ምሥጢሩ።
ከደቡብ የሚመጡት ዘንድሮ አልተረቱም፤
ተከላካዮች ሁሉ ዘጠኝ ቁጥሩን አልቻሉም።
ማልዶናዶ ይባላል።

ኪቬላ ዞር አለ፤ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፥
ሦስት ዓመት እንደ አጥር እንጨት እያየኝ ያለፈ።
(ዮሲያስ ማለት ከብዶት "ጆ" ነው የሚለኝ።)
"ጆ፥ እስከ ዓርብ ድረስ ማልዶናዶ አንተ ነህ" አለኝ፤
ብርቱካናማ ሰደርያ ደረቴ ላይ ጣለልኝ።
"ግራኝ ነው። ሲቆም እጁን ወገቡ ላይ ያኖራል፤
ያንቀላፋ መስሎህ ዞር ስትል ከኋላህ ጎል ይቆጠራል።
ሂድና አጥናው። ሁነው።"

ማታ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፥ ማድረቂያው ሲሽከረከር፥
በስልኬ መስታወት ሰውየውን ስመረምር፥
ያንኑ ጎል ሃያ ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ፥
የኬሚስትሪ ደብተሬን እንደ ትራስ ተንተርሼ፥
ገባኝ፦
ትከሻው ቀድሞ ይዋሻል፤
እግሩ ዘግይቶ እውነቱን ያወጣል።

ማክሰኞ አፈርኩ። ሰው በተውሶ ስም እንዴት ይሮጣል?
ረቡዕ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩኝ፤
ሊባን፥ አምበላችን፥ ለአንዲት ትንፋሽ ረሳኝ።
ሄድኩኝ።
የሃልቮርሰን ጓንት አየር ጨብጦ ቀረ፤
መረቡ የለበሰውን ውርጭ አራግፎ ተወጠረ።
አንድ። ሁለት። ሦስተኛዋን ደግሞ በግራ—
እኔ የቀኝ እግር ሰው! ማን አስተማራት ይህን ሥራ?

"ማልዶናዶን ያዙት!" ይላሉ፤ ማንም ጆ አይለኝም።
ሐሙስ ሊባን ቁርጭምጭሚቴን መታኝ፥ ይቅርታም አልጠየቀኝም።
በረዶው ላይ ተዘርግቼ ደስታ ነዘረኝ፤
በሦስት ዓመት ውስጥ እኔን ለማስቆም
ማን ላብ አፍስሶ ያውቃል? ማን ፈርቶኝ?

ሲመሽ፥ ሌሎቹ ሲገቡ፥ ቱ ቫንግ ብቻ ቀረ፤
የግራ መስመር ጠባቂው፥ ቃል የሚቆጥብ ልጅ።
"እንደገና" አለኝ። አለፍኩት።
"እንደገና።" አለፍኩት።
በመብራቱ ሥር አዲስ በረዶ እንደ ዱቄት ሲነፋ
አሥራ አራት ጊዜ አለፍኩት፤ ሰውየው ተስፋ አልጠፋ።
በአሥራ አምስተኛው ትከሻዬን ማየት ተወ፤
ወገቤን አየ። ኳሷን ከእግሬ ሥር ወሰደ፥ ሄደ።
ከጨለማው ውስጥ የኪቬላ ፊሽካ ጮኸ፤
"በቃ! ይኸው ነው የፈለግሁት!" አለ።
የፈለገው እንዲያ ነበር፦
እኔ እንድማር፥ ተምሬ እንድሸነፍ፥ ቱ እንዲማር።

ዓርብ ስም ዝርዝሩ በሩ ላይ ተለጠፈ።
ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ከታች ወደ ላይም።
ሊባን ትከሻዬን ነካ። ምንም አላለም።
ሰደርያዎቹን ቆጥሬ በከረጢት ስከት
አውቶቡሳቸው መጣ፤ በሩ ተንፍሶ ተከፈተ፥
ወረዱ አንድ በአንድ፥ ከብርዱ አንገት ደፍተው።

አወቅኩት። ከሥዕሉ ያጥራል፤ ያስለዋል፤
ከንፈሩ በብርዱ ተሰነጣጥቋል።
እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሜዳውን አየና
"ያንሸራትታል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ በትሕትና።

የእኔም እጅ ወገቤ ላይ ነበር፤ መቼ እንደወጣ እንጃ።
"ኧረ ምንም አይል" አልኩት፥ ትከሻዬን ሰብቄ፤
እግሬ ግን ከበረዶው ላይ
እውነቱን ያውቅ ነበር።